በረመዳን ተውባ ማድረግ ለምትፈልጉ፦ ከደብተር እስከ ዱዓ፣ ደረጃ በደረጃ

ረመዳን በገባ ቁጥር ስለ ተውባ፣ ማለትም ከወንጀል ተጸጽቶ ወደ አላህ ስለመመለስ፣ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። ጠያቂው ይቀያየራል እንጂ ቃሉ እንኳን ብዙም አይለወጥም፦ «ተውባ ማድረግ ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?» አንዱ ሼህ ፊት ቁጭ ብሎ ወንጀሉን መዘርዘር ያለበት ይመስለዋል። ሌላዋ የወር አበባ ላይ ስለሆነች እስክትጸዳ መጠበቅ ያለባት ይመስላታል። ሌላው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ «አስተግፊሩላህ» ሲል ያድርና የጎረቤቱን ብር ነገር ዝም ይላል። ለእያንዳንዱ በየተራ ከምመልስ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ተውባ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በእናንተና በአላህ መካከል ያለው ነው። እሱ ምንም ወረፋ የለውም፤ ዛሬ ማታ ሊያልቅ ይችላል። ሁለተኛው የሰው ሐቅ፣ ማለትም የሰው መብትና ንብረት ነው። ይሄኛው ሰው መፈለግ፣ ብር መቁጠር፣ ፊት ለፊት መቆም ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ጋ ስለሆነ እኔም ረዘም አድርጌ የምጽፈው እሱን ነው። ፈትዋ (የሃይማኖት ብይን) የሚጠይቅ ቦታ ላይ ስንደርስ «ጠይቁ» እላችኋለሁ። ያን ጊዜ የሰፈራችሁን ዓሊም (የሃይማኖት አዋቂ) እንጂ እኔን አትጠይቁኝ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉት። ስልክ ልጅ ይነካካዋል፣ ሲበላሽ ለጠጋኝ ይሰጣል። ደብተር ግን ሲያልቅ ይቀደዳል።
- የዉዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገው መታጠብ) ውሃ። ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ቧንቧው ሌሊት ላይ ሊያስቀይማችሁ ስለሚችል ከማታው ጀሪካን ሙሉ።
- የመስጊዳችሁ የረመዳን የሰዓት ሰሌዳ፣ የስልክ አላርምም።
- ጥቂት ጥሬ ብርና ፖስታ። ለምን እንደሆነ ታች አለ።
- የአማርኛ ትርጉም ያለው ቁርዓን፣ ካላችሁ። ከሌላችሁ ስልክ ላይ ይገኛል።

የማያስፈልጉትንም ልንገራችሁ፦ ምስክር፣ የተለየ ልብስ፣ ክፍያ፣ ወደ ሆነ ቦታ ጉዞ። ለተውባ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት።

1ኛ፦ አቁሙ

መጀመሪያ ወንጀሉ ይቆማል፤ ዱዓው ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱም እየሠሩት ይቅርታ መጠየቅ ለራስም አይጥምም። ዓሊሞችም የተውባ የመጀመሪያ ሸርጥ (ቅድመ ሁኔታ) ያደረጉት ይሄንኑ ነው።

ማቆም ሲባል የሚዳሰስ ነገር ማድረግ ነው። መጋላ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጡ ከሆነና ሚዛናችሁ የሚያጎድል ከሆነ ዛሬ ሱቅ ከመዝጋታችሁ በፊት አስተካክሉት። ችግሩ ስልክ ቁጥር ከሆነ አጥፉት። ቪዲዮ ከሆነ ሰርዙት፣ ያገኛችሁበትንም ቻናል ውጡበት። የወለድ ውል ከሆነ መውጫ መንገዱን ጠይቁ። «ከነገ ጀምሮ» የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።

ጾሙ በዚህ ላይ ትልቅ እገዛ ነው። ከፈጅር እስከ መግሪብ ሐላል የሆነውን ውሃና ምግብ መተው የቻለ ሰው ሐራሙን መተው አይከብደውም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የውሸት ንግግርንና በሱ መሥራትን ያልተወ ሰው ምግቡንና መጠጡን በመተው አላህ ጉዳይ እንደሌለው ተናግረዋል። ችግሩ ድሬ ላይ ቀኑ ሳይሆን ማታው ነው። ቀኑን በሙቀቱ አንደበታችንም ደክሞ ይውላል። ከተራዊህ (ከረመዳን የማታ ሶላት) በኋላ በርጫው (ጫት መቃሚያው) ላይ ግን ይፈታና የሰው ስም ሲነሳ ያድራል። ስለዚህ ማቆሚያችሁን ለሌሊቱም አስቡለት።

2ኛ፦ ደብተሩን ሦስት ቦታ ክፈሉ

ከዙሁር በኋላ፣ ፀሐይዋ ሰውን ሁሉ ቤት በምታስገባበት ሰዓት፣ ለብቻችሁ ተቀመጡ። ሦስት ገጽ ያዙ።

የመጀመሪያው ገጽ፦ በእኔና በአላህ መካከል ብቻ ያለ። ዓይን ያየው፣ እጅ የነካው፣ ማንንም ያልጎዳ ነገር። እዚህ ገጽ ላይ ዝርዝር አትጻፉ። አንድ ፊደል ወይም ነጥብ ይበቃል። አላህ የሸፈነላችሁን በገዛ እጃችሁ ጽፋችሁ ሌላ ሰው እንዳያገኘው።

ሁለተኛው ገጽ፦ የአላህ ሐቅ ሆኖ የሚካካስ። የተበላ ጾም፣ ያልተሰገደ ሶላት፣ ያልወጣ ዘካ፣ የፈረሰ መሐላ፣ ያልተፈጸመ ስለት።

ሦስተኛው ገጽ፦ የሰው ሐቅ። እዚህ ግን በደንብ ጻፉ። ስም፣ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ሰውየው አሁን የት እንዳለ። ለምሳሌ፦ «የድሮ አሠሪዬ፣ ከሳጥን የወሰድኩት፣ ወደ 4,000 ብር፣ ሳቢያን ነው ያለው።»

መጻፉ ለምን አስፈለገ? ያልተጻፈ ነገር «ብዙ ወንጀል አለብኝ» የሚል ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። ጭጋግን ደግሞ መክፈል አይቻልም። ሲጻፍ ግን አንዱ የስልክ ጥሪ፣ አንዱ ሦስት ቀን ጾም፣ አንዱ 4,000 ብር ሆኖ ቁጭ ይላል።

3ኛ፦ ጸጸቱን ፈልጉት

ሁለተኛው ሸርጥ ጸጸት ነው። ጸጸቱ ግን አላህን ስላመጻችሁ መሆን አለበት። ስለተያዛችሁ፣ ስለከሰራችሁ ወይም ጤናችሁ ስለተጎዳ ብቻ ከሆነ ተውባ አይባልም። ኪሳራ ነው ያስጸጸታችሁ።

«አልጸጸት አለኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ልብን በትእዛዝ ማስለቀስ አይቻልም፣ እንባም ሸርጥ አይደለም። ማድረግ የምትችሉት ይሄ ነው፦ ሱራ አዝ-ዙመር ቁጥር 53ን በትርጉሙ አንብቡ። በራሳቸው ላይ ድንበር ያለፉ ባሮች ከአላህ እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ፣ አላህ ወንጀልን ሁሉ እንደሚምር የሚናገረው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን 54ንም አትዝለሉ፤ ቅጣቱ ሳይመጣ ወደ ጌታችሁ ተመለሱ ይላል። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ነው ልብ የሚነካው። አንዱ ብቻውን ወይ ያዘናጋል ወይ ያስፈራል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ወንጀሉን እያስታወሳችሁ ፈገግ ካላችሁ ትዝታውን እዚያው ቁረጡት። ያ ጸጸት አይደለም።

4ኛ፦ ላለመመለስ ቁረጡ

ሦስተኛው ሸርጥ ነው፣ አጭር ነው። ልባችሁ ውስጥ «ከኢድ በኋላ እናያለን» የሚል ነገር ካለ ያ ተውባ ሳይሆን እረፍት ነው። ዛሬ ከልቡ ቆርጦ በኋላ ተሸንፎ የወደቀ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የበፊቱ ተውባው አይፈርስም፣ ለአዲሱ አዲስ ተውባ ያደርጋል።

5ኛ፦ ሁለት ረከዓ ስገዱ

አንድ ሰው ወንጀል ሠርቶ ዉዱኡን አሳምሮ፣ ሁለት ረከዓ (የሶላት ዙር) ሰግዶ አላህን ይቅርታ ከጠየቀ አላህ እንደሚምረው በሐዲስ (በነብዩ ንግግር ዘገባ) ተላልፏል። የአሰጋገዱ ነገር እንዲህ ነው፦

ሀ) ዉዱእ አድርጉ፣ ሳትቸኩሉ። ገላ መታጠብ ግዴታ የሆነበት ሰው መጀመሪያ ይታጠብ።

ለ) በልባችሁ የተውባን ሁለት ረከዓ ሱና (ግዴታ ያልሆነ ሶላት) ለመስገድ ነይቱ (አስቡ)።

ሐ) እንደማንኛውም ሱና ሶላት ስገዱ። የተለየ ሱራ የለውም። የምታውቁትን ቅሩ (አንብቡ)።

መ) ከሰላምታ በኋላ እጃችሁን አንሱና በምትችሉት ቋንቋ ለምኑ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ፣ የቀናችሁን። ደብተሩ ላይ ያለችው ነጥብ ምን እንደሆነች አላህ ያውቃል። ለእሱ ብቻ ጥሩለት፤ ሰው እስካልሰማችሁ ድረስ ምንም አትደብቁ።

መቼ ይሁን? ቀንም ይሆናል፤ ከፈጅር በኋላና ከዓስር በኋላ ያሉትን ሱና የማይሰገድባቸውን ሰዓቶች ብታልፉ ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚሻለው የሌሊቱ የመጨረሻ ሲሶ ነው። አላህ «ማን ይቅርታ ይጠይቀኝና ልማረው?» የሚልበት ሰዓት መሆኑ በሐዲስ መጥቷል። በቁርዓንም፣ ሱራ አዝ-ዛሪያት 51፡18 ላይ፣ በሌሊቱ መጨረሻ ምሕረት የሚለምኑ ሰዎች ይወደሳሉ።

ሲሶውን ማስላት ቀላል ነው። መግሪብ 12፡30፣ ፈጅር 11፡00 ነው እንበል። ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሆነ። ለሦስት ሲካፈል 3 ሰዓት ተኩል። ከ11፡00 ላይ 3፡30 ስትቀንሱ 7፡30 ይመጣል። ስለዚህ ከሌሊቱ 7፡30 በኋላ ሲሶው ገብቷል። የእናንተን ቀን ከመስጊዱ ሰሌዳ ላይ አይታችሁ አስሉ። በረመዳን ለሱሑር (ከፈጅር በፊት ለሚበላው ምግብ) መነሳታችሁ ስለማይቀር አላርሙን ሃያ ደቂቃ ቀደም ማድረግ ይበቃል። ሻዩ እስኪፈላ ሁለት ረከዓ ይሰገዳል።

የወር አበባ ወይም የአራስነት ደም ላይ ያላችሁ እህቶች ሶላቱን ታልፋላችሁ፣ ተውባውን ግን አታዘገዩ። ተውባ ንጽሕና ሸርጡ አይደለም። ኢስቲግፋር (ምሕረት መለመን)፣ ዚክር (አላህን ማውሳት) እና ዱዓ ሁሉ ክፍት ነው። ደሙ ሲቆም ልትሰግዱ ትችላላችሁ።

6ኛ፦ የኢስቲግፋርን አለቃ ያዙ

ሰይዱል ኢስቲግፋር የሚባለው ዱዓ ነው። ከልቡ አምኖበት ቀን ላይ ያለው ሳይመሽ ቢሞት፣ ማታ ያለው ሳይነጋ ቢሞት የጀነት ሰው እንደሚሆን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። ዓረብኛ ለማታነቡ ንባቡ ይሄው፦

«አላሁመ አንተ ረቢ፣ ላ ኢላሀ ኢላ አንት፣ ኸለቅተኒ ወአነ ዓብዱክ፣ ወአነ ዓላ ዓህዲከ ወወዕዲከ መስተጠዕቱ፣ አዑዙ ቢከ ሚን ሸሪ ማ ሰነዕቱ፣ አቡኡ ለከ ቢኒዕመቲከ ዓለየ፣ ወአቡኡ ለከ ቢዘንቢ፣ ፈግፊር ሊ፣ ፈኢነሁ ላ የግፊሩ ዙኑበ ኢላ አንት።»

መልእክቱ፦ አላህ ሆይ፣ ጌታዬ አንተ ነህ፤ ከአንተ ሌላ አምላክ የለም። ፈጥረኸኛል፣ እኔም ባሪያህ ነኝ። የቻልኩትን ያህል በቃል ኪዳንህና በቀጠሮህ ላይ ነኝ። ከሠራሁት ክፉ በአንተ እጠበቃለሁ። የዋልክልኝን ጸጋ አምናለሁ፤ ወንጀሌንም አምናለሁ። ማረኝ፤ ከአንተ በቀር ወንጀልን የሚምር የለምና።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ዓረብኛ ድምፁን በትክክል አይዝም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቂርኣት (የቁርዓን ንባብ) የሚያውቅ ሰው ፊት አንብቡትና ያስተካክላችሁ። ከሱብሂ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከመግሪብ በኋላ አንድ ጊዜ። ቀን ሥራ ላይ ደግሞ «አስተግፊሩላህ» አጭር ናት። ነብዩ ራሳቸው በቀን ከሰባ ጊዜ በላይ ኢስቲግፋር ያደርጉ ነበር።

7ኛ፦ ሁለተኛውን ገጽ አጽዱ

- የቀረ ጾም፦ ቁጥሩን ገምቱና ከረመዳን በኋላ ቀዳ (ማካካሻ) አውጡ። ያለፈው ዓመት ቀዳ ሳይወጣ አዲሱ ረመዳን የገባባችሁ ተጨማሪ ነገር ሊኖርባችሁ ስለሚችል ጠይቁ።
- በረመዳን ቀን ሆን ብሎ የተፈጸመ ግንኙነት፦ ቀዳ ብቻ አይበቃውም። ባሪያ ነጻ ማውጣት ዛሬ ስለሌለ 60 ቀን በተከታታይ መጾም፣ ያ ካልተቻለ 60 ምስኪን ማብላት ነው።
- የፈረሰ መሐላ፦ 10 ምስኪን ማብላት ወይም ማልበስ። ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። እዚህ ጋ ሰው በብዛት ይሳሳታል። ማብላት እየቻለ ቀጥታ ሦስት ቀን የሚጾም ሰው ከፋራውን (የመሐላውን ማስተሰረያ) አላወጣም።
- የቀረ ሶላት፦ የብዙኃኑ ዓሊሞች አቋም ቀዳ ይወጣል ነው። በኛ በምሥራቁ የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብም (የሕግ ትምህርት ቤትም) ይሄንኑ ይላል። ከእያንዳንዱ ፈርድ (ግዴታ ሶላት) ጋር አንድ የቀረ ፈርድ ስገዱ። ዓመታት የሚሞላ ከሆነ አካሄዱን ጠይቁ።
- ያልወጣ ዘካ፦ ባለፈው ጊዜ አይሰረዝም። ያለፉትን ዓመታት አስባችሁ አውጡ።

8ኛ፦ የሰው ሐቅ

እዚህ ጋ ቁጭ በሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ከሳሪ ሰው ተናግረዋል። በቂያማ ቀን ሶላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ ይመጣል፤ ግን አንዱን ሰድቧል፣ የሌላውን ገንዘብ በልቷል፣ ሌላውን መትቷል። ለእያንዳንዳቸው ከመልካም ሥራው እየተነሳ ይሰጣቸዋል። ሥራው ሲያልቅ የእነሱ ወንጀል እሱ ላይ ይጫናል። ሠላሳ ቀን ጾማችሁ አጅሩን (ምንዳውን) ለሌላ ሰው ማስረከብ ካልፈለጋችሁ ይሄን ገጽ አትዝለሉት።

*ገንዘብና ዕቃ።* ዕቃው ካለ ዕቃው ይመለሳል፣ ከሌለ ተመሳሳዩ ወይም ዋጋው። ከለገሀሬ ሳቢያን የምትመላለሱ ባጃጅ ነጂ ናችሁ፣ ወንበር ላይ የተረሳ ስልክ ሸጣችኋል እንበል። ባለቤቱን የምታገኙበት መንገድ ካለ ፈልጉት። አጥብቃችሁ ፈልጋችሁ ካልተገኘ ዋጋውን በእሱ ስም ሰደቃ አድርጉ። አንድ ቀን ባለቤቱ ቢመጣ ምርጫው የእሱ ነው፤ ሰደቃውን ይቀበላል ወይ ብሩን ይቀበላችኋል። በሚዛን ያጎደላችሁበትን ሰው ሁሉ ማግኘት ስለማይቻል የሚቻለውን ያህል ከፍ አድርጋችሁ ገምቱና እንደዚሁ ስጡ። ባለ ሐቁ ከሞተ ለወራሾቹ ነው የሚሰጠው። ወራሽ እያለ ሰደቃ አይሆንም።

ባለ ሐቁ ክርስቲያን ጎረቤት ቢሆንስ? ያው ነው፤ ብሩም ይመለሳል፣ ይቅርታውም ይጠየቃል።

*ማንነታችሁን ሳትገልጹ መመለስ።* ይቻላል። ግዴታው ሐቁ ለባለቤቱ መድረሱ እንጂ ስማችሁ መታወቁ አይደለም። ግን በቴሌብር አትላኩት፤ ስማችሁ አብሮ ይደርሳል። ፖስታው የመጣው ለዚህ ነው። ጥሬ ብሩን ከትታችሁ «የእርስዎ ሐቅ ነው» ብላችሁ ጻፉበትና በምታምኑት ሰው እጅ ላኩት። በሱቅ በር ስር ማሾለክ አይበቃም፤ ጠራጊው ቢያገኘው ባለቤቱ ጋ አልደረሰም።

*ብሩ ከሌላችሁ።* ሄዳችሁ እመኑና ቀጠሮ ያዙ። በወር ይሄን ያህል ብላችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉት። ብዙ ሰው ሙሉውን እስካገኝ ብሎ ስለሚጠብቅ አንድም ብር ሳይከፍል ይሞታል። ባለ ሐቁ «ትቼልሃለሁ» ካለ ያበቃል።

*ሐሜት።* ሰውየው ያማችሁትን ከሰማ ይቅርታ ጠይቁት። ካልሰማ ግን ሄዳችሁ «እንዲህ ብዬህ ነበር» ማለት አዲስ ጠብ ሊፈጥር ይችላል። ይሄ ከተፈራ ብዙ ዓሊሞች የሚመክሩት ዱዓ ልታደርጉለት፣ ያማችሁበት ቦታ ላይም በመልካም ልታነሱት ነው። በርጫው ላይ አምታችሁት ከሆነ እዚያው በርጫ ላይ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ ስሙን አድሱለት። የሐሰት ወሬ ከሆነ ያወራችሁት ደግሞ «ያልኩት ውሸት ነበር» ማለት አለባችሁ። ይሄኛው ይመራል፣ አውቃለሁ።

*ኩርፊያ።* ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ሌሊት በላይ ሊያኮርፍ አይፈቀድም። ከሁለቱ በላጩ በሰላምታ የሚጀምረው ነው። ስለዚህ ማን እንዳጠፋ መመርመር ሳትጀምሩ «አሰላሙ ዓለይኩም» በሉ። የወንድማማቾች የውርስ ኩርፊያ ከሆነ ሁለቱም የሚያከብሩትን ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ።

*መቼ ይኬድ?* መግሪብ ሊል አንድ ሰዓት ሲቀረው በፍጹም አትሂዱ። ሰው ርቦታል፣ ሳምቡሳ ወረፋ ላይ ነው ወይ ወደ ቤት ይሮጣል። ከተራዊህ በኋላ፣ ሰው በልቶ፣ አየሩም በረድ ሲል ሂዱ። ለብቻው አግኙት።

*ምን ይባላል?* አጭር፣ ስም ያለው፣ ሰበብ የሌለው። እንዲህ፦

«ሐጂ፣ ሱቅዎ ስሠራ ከሳጥን ብር እየወሰድኩ ነበር። ገምቼ 4,000 ሆኖልኛል፤ ይኸው። አፉ ይበሉኝ።»

ለእኩያ ጓደኛ ደግሞ «አቦ፣ ያን ቀን ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አፉ በለኝ» በቂ ነው። «አንተም እኮ…» የሚል ቃል ከገባ ይቅርታው እዚያው ፈረሰ። ከዚያ ዝም በሉ፤ መልሱ የሱ ነው። ቢቆጣ ይቆጣ። እምቢ ቢል ሐቁን ሰጥታችሁ ዱዓ እያደረጋችሁለት ቆይታችሁ በሌላ ቀን ሞክሩ። ሙጭጭ ብሎ «ረመዳን ነው እኮ፣ አፉ በል» ማለት ሰውን ማስገደድ ነው።

9ኛ፦ ውሎውን ቀይሩ

99 ሰው ስለገደለው፣ መቶኛውንም ስለጨመረው ሰው የሚናገረውን ሐዲስ ታውቁታላችሁ። ዓሊሙ ተውባህ ይቻላል ካለው በኋላ ያዘዘው ያንን አገር ለቆ አላህን የሚገዙ ሰዎች ወዳሉበት እንዲሄድ ነው። እናንተ ከተማ መልቀቅ ላይኖርባችሁ ይችላል። ወንጀሉ የሚሠራበትን ሰዓትና ቦታ ለይታችሁ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ መሆን ግን አለባችሁ። ከተራዊህ በኋላ ያለው ሰዓት ከሆነ አስቸጋሪው፣ ቂርኣት ቦታ ያዙ ወይም ቀጥታ ቤት ግቡ። ባዶ የተተወ ሰዓት የድሮው ሰው ይመጣበታል።

10ኛ፦ የመጨረሻዎቹን አሥር ሌሊቶች አትልቀቁ

ለይለቱል ቀድርን (የውሳኔዋን ሌሊት) በእምነትና ምንዳውን ከአላህ አስቦ የቆመ ሰው ያለፈ ወንጀሉ ይማርለታል። የምትፈለገው በመጨረሻዎቹ አሥር ነው፣ በተለይ በጎዶሎ ቁጥሮቹ፦ 21፣ 23፣ 25፣ 27፣ 29። አቆጣጠሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእስልምና ሌሊት ከቀኑ ይቀድማል። የ21ኛው ሌሊት ማለት የ20ኛውን ጾም ያፈጠራችሁበት (የፈታችሁበት) ማታ ነው። 21ኛውን ቀን ጾማችሁ የሚመጣው ማታ የ22 ነው።

የነብዩ ባለቤት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያቺን ሌሊት ካገኘሁ ምን ልበል ብላ ስትጠይቅ የተማረችው ዱዓ አጭር ነው፦ «አላሁመ ኢነከ ዓፉውን ቱሒቡል ዓፍወ ፈዕፉ ዓኒ።» አላህ ሆይ፣ አንተ ይቅር ባይ ነህ፣ ይቅር ማለትን ትወዳለህ፣ ይቅር በለኝ። 27ን ብቻ ይዛችሁ ሌሎቹን አትተኙ።

11ኛ፦ ዘካተል ፊጥርን አውጡ፣ ደብተሩን ቅደዱ

ዘካተል ፊጥር (የረመዳን መጨረሻ ምጽዋት) ጾመኛውን ከከንቱና ከብልግና ንግግር የምታጠራ፣ ለምስኪኖችም ምግብ ናት። በቤት ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሷዕ የሚባለው መስፈሪያ፣ በኪሎ ከ2.5 እስከ 3 የሚገመት፣ ሰው የሚመገበው እህል ነው። ከኢድ ሶላት በፊት መድረስ አለባት። ከሶላቱ በኋላ ከወጣች ተራ ሰደቃ ነው የምትሆነው።

ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ቀዳዳችሁ አቃጥሉት። ያልተከፈለ ዕዳ የቀረበትን ሦስተኛ ገጽ ግን አትቅደዱ። ብትሞቱ ወራሾቻችሁ እንዲከፍሉት ዕዳው ያለበትን ቦታ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅ።

ማስጠንቀቂያ

ወንጀላችሁን ለሰው አታውሩ። ለጓደኛም፣ ለእጮኛም፣ «ትምህርት ይሁን» ተብሎ ለቲክቶክም። አላህ ሌሊት የሸፈነለትን ሲነጋ ራሱ የሚገልጥ ሰው ምሕረት ከማይደርሳቸው እንደሚቆጠር በሐዲስ አለ። ፈትዋ ስትጠይቁም «አንድ ሰው እንዲህ ቢያደርግ» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሌላ ሰው አብሮ ያለበት ወንጀል ከሆነ ስሙን ከአፋችሁ አታውጡ። የራሳችሁን ለማጽዳት የሌላውን ቤት አታፍርሱ። ይቅርታ መጠየቁ ደም ሊያፋስስ ወይም ትዳር ሊበትን የሚችል ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ዓሊም አማክሩ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

«ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ አፉ በሉኝ» የሚል መልእክት ለሦስት መቶ ሰው በቴሌግራም መበተን። ሰላምታ ሆኖ ጥሩ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ሰው ግን አንዱ ተቀባይ ብቻ ሆኖ ብሩም አልደረሰውም።

የሰረቁትን ብር ለመስጊድ ሰጥቶ ተገላገልኩ ማለት። ባለቤቱ እያለ ሰደቃው የእናንተ አይደለም።

«ወንጀሌ በጣም ብዙ ነው» ብሎ መተው። የተውባ በር ነፍስ ጉሮሮ እስክትደርስና ፀሐይ ከምዕራብ እስክትወጣ ክፍት ነው። ችግሩ ጉሮሮ የምትደርስበትን ቀን ማንም አለማወቁ ነው።

ረመዳን እስኪገባ ተውባን ማዘግየት። ይሄን የምታነቡት በሻዕባን (ከረመዳን በፊት ባለው ወር) ከሆነ ዛሬ ማታ ጀምሩ። በሸዋል (ከረመዳን ቀጥሎ ባለው ወር) ብትወድቁም እንደዚሁ። ሌላ ረመዳን አትጠብቁ፤ ከ1ኛው ደረጃ እንደገና ነው።